ኳሷን አትዩአት!

ኦክቶበር 27 ቀን 2024፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ጨዋታው የእነሱ፣ አቆጣጠሩም የእነሱ ይሁን።) ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ስምንት ሰዎች ሶፋና ምንጣፍ ተከፋፍለን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠናል። ቡናው ከአቦል አልፎ ቶና ላይ ደርሷል። ከእኛ ብዙም በማይርቀው የላንዶቨር ስታዲየም ዋሽንግተን ኮማንደርስ በቺካጎ ቤርስ 15 ለ 12 እየተመራ ነው። የቀሩት 2 ሰከንዶች ናቸው። ጀማሪው ኳርተርባክ ጄይደን ዳኒየልስ ኳሷን ተቀበለ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ 13 ሰከንድ ገደማ ሲባዝን ቆየና ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወራት። እታች ተኮልኩለው የሚጠብቁት ሰዎች ተሻሙባት፤ አንዱ በእጁ ነካት፤ ወደ ኋላ ተስፈነጠረች፤ እዚያ ደግሞ ኖህ ብራውን የሚባል ተቀባይ ብቻውን ቆሟል። 18 ለ 15። አለቀ!

ቤቱ ተገለባበጠ። "ተአምር!" የሚለው ቃል ከስምንታችን የሰባታችን አፍ እኩል ወጣ። ያልጮኹት ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ ከሰማንያዎቹ ጀምሮ በዋሽንግተን ጎዳናዎች ላይ ታክሲ የነዱ፣ ይህን ጨዋታ በመኪና ሬዲዮ የተማሩ ሰው ናቸው። (ሬዲዮ ኳስ አያሳይም፤ ማን የት እንደቆመ ነው የሚነግርህ።) ሲኒያቸውን አስቀመጡና "ምኑ ነው ተአምሩ? ልጁ እኮ የቆመው መቆም ያለበት ቦታ ነው። እናንተ ኳሷን ስታዩ እሱን መች አያችሁት?" አሉን።

አፈርን። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ሐፍረት ነው። ጠቡም "ተአምር" ከሚለው ቃል ጋር ነው።

በመጀመሪያ ከራሳችን ሰዎች እንጀምር። "ይሄ ምን ጨዋታ ነው? ግፊያ! በሬ ለበሬ!" የሚሉን ጓደኞች አሉን። ኳስ በእጅ ይዞ እግር ኳስ የሚል ሕዝብ ብለው ይስቃሉ፤ በዚህኛው እንኳን አብረን እንስቃለን። ግን እነዚሁ ልጆች ስለ አርሰናል ሲነሳ ምሁራን ናቸው። የ2003/04ቱ የቬንገር ቡድን ለምን እንዳልተሸነፈ ናፕኪን ላይ ሥለው ያስረዱሃል። አጥቂው ኳስ ሳይነካ ወደ ጎን መሮጡ ለጓደኛው ቦታ እንደከፈተለት ያያሉ። ኳስ የሌለውን ሰው ማየት ይችላሉ ማለት ነው! ታዲያ ያ ዓይን አትላንቲክን ሲሻገር የሚጠፋው ለምንድን ነው? አንድ ነገር ስላልገባን ብቻ "ውስጡ ምንም የለም" ማለት ደግሞ ስንፍና ነው።

ሁለተኞቹ ጨዋታውን እንወዳለን የሚሉት ናቸው። እነሱ ይብሳሉ። ቡድኑ ሲያሸንፍ "ልብ ነበራቸው"፣ ሲሸነፍ "ፍላጎት አልነበራቸውም"። ኳርተርባኩ ሲያገባ ጀግና፣ ሲሳሳት ፈሪ። ይህን ቋንቋ ያስተማራቸው ቴሌቪዥኑ ነው። ከስምንታችን አምስታችን ሴቶች መሆናችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ስንጠይቅ "የማን ማልያ ያምራል?" የሚል መልስ የሚሰጠን ወንድም አይጠፋም። ወንድማችን እኮ ስለ ሴፍቲ ብትጠይቀው አያውቅም! አለማወቁን በድምፁ መጠን ነው የሚሸፍነው።

እሺ፣ ምኑ ነው የሚታወቀው? እናውራ።

አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። 11 ለ 11 ናቸው። ከአጥቂዎቹ አምስቱ ኳርተርባኩን የሚጠብቁ፣ የተወረወረ ኳስ መቀበል የማይፈቀድላቸው ግዙፎች ናቸው። ኳርተርባኩን ስትቀንስ መቀበል የሚችሉ አምስት ሰዎች ይቀሩሃል። በሌላ በኩል ተከላካዩ አራት ሰው ልኮ ኳርተርባኩን ያሳድዳል፤ ሰባት ሰው ኋላ ይቀመጣል። እንግዲህ ገበጣ የተጫወተ ሰው እንደሚያደርገው ጠጠሩን እንቁጠር፦ ሰባት ለአምስት። በዚህ ሒሳብ የሚወረውረው ቡድን ገና ሳይጀመር ተበልጧል። ታዲያ ኳሷ እንዴት ታልፋለች? በውርወራ ላይ የተመሠረተው ጨዋታ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ሜዳው 53 ያርድ ያህል ስፋት አለው። ሰባት ሰው ይህን ሁሉ ስፋትና ጥልቀት እኩል ሊሸፍነው አይችልም። ስለዚህ አጥቂው ሰባቱንም ለማሸነፍ አይሞክርም፤ አንዱን ይመርጥና ያንን አንድ ሰው አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል። ለምሳሌ ሦስት ተቀባዮችን ወደ አንድ ጎን ይልካል፤ አንዱ ሩቅ፣ አንዱ መካከል፣ አንዱ ቅርብ። እዚያ ጎን ያሉት ተከላካዮች ሁለት ናቸው። ሩቁን አንዱ ይዞት ሄደ። ሁለተኛው መካከል ያለውን ልያዝ ወይስ ቅርቡን? ወደ ላይ ካፈገፈገ ኳሷ ታች ትወረወራለች፤ ወደ ታች ከወረደ ላይ። ኳርተርባኩ 22 ሰው የሚያይ ነቢይ አይደለም፤ የዚያን የአንዱን ሰውዬ እግር ነው የሚያየው። ይህን ያወቅን ቀን እኛም ያን ሰውዬ መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ ከአሥር አንዴ አገኘነው። ቆይቶ ከአሥር አራቴ። ከዚያ በላይ ገና አልደረስንም፤ አንዋሽም።

ከሁሉ የወደድናት ግን "ሜሽ" የምትባለዋ ናት። ሁለት ተቀባዮች ከሁለት ተቃራኒ ጎን ይነሱና ከመነሻው መስመር አምስት ስድስት ያርድ ያህል ላይ ይተላለፋሉ። እንዴት ተቀራርበው? እጅ ለእጅ ሊነካኩ በሚችሉበት ርቀት! ተከላካዩ ማን ቱ ማን የያዘ እንደሆነ ሁለቱ አሳዳጆች መሀል ላይ እንደ መርካቶ ተሸካሚዎች ይጋጫሉ፤ ወይ አንዱ ዞሮ ለመሄድ ይገደድና ይዘገያል። ተከላካዩ ዞን የያዘ እንደሆነስ? ተቀባዮቹ መሮጣቸውን ይተዉና በሁለት ተከላካዮች መሀል ያለው ክፍት ቦታ ላይ ቆም ይላሉ። አያችሁ? አንድ እቅድ፣ ሁለት መልስ። የሚወስነው የሚሮጠው ልጅ ነው፤ እየሮጠ፣ በሰከንድ ክፍልፋይ። ግፊያ ነው ያላችሁን ወንድሞች፣ እስቲ ይህን ግፊያ በሉት።

ሜሽን ዝነኛ ያደረጉት ሰዎች ታሪክ ለክርክራችን ይጠቅመናልና ትንሽ እንቆይበት። ሃል ማሚና ማይክ ሊች ይባላሉ። በ1989 አዮዋ ዌስሊያን በምትባል ትንሽ ኮሌጅ ተገናኙ፤ ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የውርወራ ጨዋታ ብዙ ወሰዱ፤ ከዚያ ቫልዶስታ ስቴት፣ ከዚያ ኬንታኪ። ሥራቸው "ኤር ሬይድ" ተባለ፤ የአየር ድብደባ እንደማለት። ሊች ማን ነው? ሕግ የተማረ ሰው ነው። ኮሌጅ ውስጥ ይህን ጨዋታ አንድም ቀን አልተጫወተም! ተመልካች ነበር። እንደ እኛ ቁጭ ብሎ ያይ የነበረ ሰው። ሌሎች አሠልጣኞች መጽሐፍ የሚያህል የእቅድ ክምር ሲሸከሙ እሱ ጥቂት እቅዶችን ይዞ እነሱኑ እስኪሰለቹ ያስደጋግም ነበር። በ2000 ቴክሳስ ቴክን ያዘ። ትልልቆቹ "ይህ ማጭበርበሪያ ነው፣ የእውነተኛ ወንድ ጨዋታ አይደለም" አሉ። ኖቬምበር 1 ቀን 2008 የአገሪቱ አንደኛ የነበረውን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን 39 ለ 33 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋ ኳስ ማይክል ክራብትሪ እጅ ስትገባ 1 ሰከንድ ነበር የቀረው። ሊች በዲሴምበር 2022 አረፈ። የእሱ ኳርተርባክ የነበረው ክሊፍ ኪንግስበሪ ፓትሪክ ማሆምስን በኮሌጅ አሠለጠነ፤ በ2024 ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን መጥቶ የዳኒየልስን ቡድን ጥቃት መራ። ሊች ግን መጀመሪያ ላይ ማየት የተማረ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ቢል ዋልሽ። በ1970 ሲንሲናቲ ውስጥ ረዳት አሠልጣኝ ሳለ ኃይለኛ ክንድ የነበረውን ኳርተርባኩን በጉዳት አጣው። የተረፈው ቨርጂል ካርተር ሩቅ የመወርወር አቅም የሌለው፣ ግን ያየውን የማይስት ልጅ ነው። ዋልሽ ምን አደረገ? ኳሷን አሳጠራት። ወደ ጎን፣ ቅርብ፣ ቶሎ ቶሎ፤ የኳርተርባኩን እርምጃ ከተቀባዩ ሩጫ ጋር በቁጥር አሰረው። ሦስት እርምጃ፣ ወርውር። አምስት እርምጃ፣ ወርውር። አጭር ውርወራ የሩጫን ቦታ ተካ። ሲንሲናቲ በዚያው ዓመት ምድቡን አሸነፈ። ዋልሽ ይህንኑ ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደና በሰማንያዎቹ ሦስት ሱፐር ቦውል በላበት። በ1978 ደግሞ ሕጉ ራሱ ተለወጠ፦ ተከላካይ ከአምስት ያርድ በኋላ ተቀባዩን መግፋት ተከለከለ፣ ግዙፎቹም እጃቸውን ዘርግተው መከላከል ተፈቀደላቸው። በሩ የተከፈተው በእቅድና በሕግ ነው። በ"ልብ" አይደለም።

"እሺ፣ ይሄ ሁሉ ዝርዝር ለምን ያስፈልገኛል? እኔ መዝናናት ነው የምፈልገው" ትሉን ይሆናል። መብታችሁ ነው። ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ፣ ከዚያ ተዝናኑ።

ይህ ኳርተርባክ የሚባል ቦታ "የማሰቢያ ቦታ" ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ለጥቁር ልጅ አይሰጥም ነበር። ፈጣን ነህ፣ ጠንካራ ነህ፣ ሂድና ተቀባይ ሁን፣ ተከላካይ ሁን ይሉት ነበር። ዋረን ሙን በ1978 ሮዝ ቦውልን አሸንፎ፣ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት ምልመላ አሥራ ሁለት ዙር ሲጠራ አንድም ቡድን አልመረጠውም። ቦታህን ቀይር ቢሉት እምቢ አለ፤ ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ በላ። በ1984 ሂውስተን አመጣው። በ1990 በአንድ ቀን፣ በካንሳስ ሲቲ ላይ፣ 527 ያርድ ወረወረ። የወረወረው እንዲሁ በክንዱ አይደለም፤ ተቀባዮቹ ተከላካዩን እያዩ መንገዳቸውን በሚቀይሩበት "ራን ኤንድ ሹት" በሚባል ሥርዓት ነው፤ ማለትም ኳርተርባኩና ተቀባዩ አንድን ተከላካይ በአንድ ዓይን ማንበብ አለባቸው። ማሰብ አይችልም የተባለው ሰው ማለት ይህ ነው።

ጋሼ ይህን ታሪክ በእኛ አያስነግሩም፤ የእሳቸው የዳግ ዊልያምስ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ስም የነበረው የዋሽንግተን ቡድን በሱፐር ቦውል ዴንቨርን ገጠመ። ከመጀመሪያው ሩብ በኋላ 10 ለ 0 ተመራ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አገባ፤ ዊልያምስ በዚያች ሩብ አራት ጊዜ ወርውሮ አስቆጠረ። 42 ለ 10። ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ጋሼ ያን ቀን መኪና አቁመው ነበር የሰሙት። "በማግስቱ ተሳፋሪዎቼ ‘ምን ዓይነት ክንድ ነው!’ ይሉኝ ነበር። ጭንቅላቱን ያነሳ ሰው አልተሳፈረም" ይላሉ።

ታሪክ ሆኖ አልቋል የሚል ካለ ቅርቡን እናምጣ። በ2018 ላማር ጃክሰን ከኮሌጅ ሲወጣ አንድ ስመ ጥር የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጃክሰን በ2019 በሙሉ ድምፅ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ2023 ደገመው። እንግዲህ እኛ አበሾች፣ ከእነ ቀለማችን እዚህ አገር የምንኖር፣ ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት የሚጫወቱ፣ ኮሜንታተሩ ስለ አንዱ ልጅ "ብልህ"፣ ስለ ሌላው "የተፈጥሮ ስጦታ አለው" ሲል ልዩነቱን በምን እንፈትሸዋለን? እቅዱን ካላወቅን በምንም! ብልሃቱ የት ላይ እንደነበረ ስናውቅ ነው "ቆይ፣ ያቺ ውርወራ እኮ ንባብ ናት" ብለን መከራከር የምንችለው። አለማወቃችን ለሌላ ሰው ሚዛን ያስረክበናል።

ቴሌቪዥኑ አያግዘንም አልን። ሐሜት አይደለም። ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተለው። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት የሚታየን መስመሩና ዙሪያው ነው፤ ኋላ ያሉት ሁለቱ ሴፍቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ ውጭ ናቸው። ተቀባዮቹም ሮጠው ከምስሉ ይወጣሉ። ማለትም የጨዋታው ቁልፍ ያለበት ቦታ በቀጥታ ስርጭት ላይ አይታይም! 22ቱንም ከላይ የሚያሳየውን የአሠልጣኞች ፊልም ሊጉ ለተራው ተመልካች የሸጠው ከ2012 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ጋዜጠኛውም እንደ እኛ በግምት ነበር የሚያወራው ማለት ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ሰዎች ነንና ይህቺ ታመናለች፤ የጎደለውን ምስል በ"ልብ" እና በ"ፍላጎት" መሙላት የሙያ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

የሞላለት ሌላም አለ። ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ውርርድ ከክልል ክልል ተስፋፋ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በስልክ ሆኗል። በየማስታወቂያው "ዛሬ ኳርተርባኩ ከዚህ ቁጥር በላይ ያርድ ይወረውራል ወይስ በታች?" ይሉናል። ከመሀላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፣ ሶፋው ላይ የግራውን ጥግ የያዘው ነው) ደሞዙን በዚህ ሲያቃጥል ከርሟል። ተከላካዩ ሁለቱን ሴፍቲ ኋላ አስቀምጦ ሩቁን ሲዘጋ ያርዱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀነው ነበር። "እኔ ቁጥሩን ነው የማየው" አለን። እኮ!

አሁን ደግሞ በራሳችን ላይ እንፍረድ። ውርወራን ስንወድ ውርወራን አምላኪ ሆነን ነበር። በውርወራ በአማካይ ከ6 ያርድ በላይ ይገኛል፣ በሩጫ 4 ከምናምን፤ ታዲያ ለምን ይሮጣሉ እያልን ስንፈላሰፍ ከረምን። ያ ሁሉ የዳግ ዊልያምስ ውርወራ በዘነበበት ቀን ቲሚ ስሚዝ 204 ያርድ እንደሮጠ ጋሼ ሲነግሩን ዝም አልን። ተከላካዩ ሩጫውን ፈርቶ ወደፊት ካልቀረበ ኋላው አይከፈትማ።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ ኩራታችን ተሰበረ። ማሆምስ ያለበት ካንሳስ ሲቲ ከፊላዴልፊያ ጋር ሱፐር ቦውል ገጠመ። እኛ ከማሆምስ ጋር ነበርን። የፊላዴልፊያ አራቱ የፊት ሰዎች ብቻቸውን፣ አንድም ተጨማሪ አሳዳጅ ሳይላክላቸው፣ ሙሉውን ጨዋታ ብሊትዝ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጣሉት። እረፍት ላይ 24 ለ 0። መጨረሻው 40 ለ 22። ኮሜንታተሩ ምን እንዳለ አናስታውስም፤ ድምፁን አጥፍተን ነበር። ሰባት ለአምስት! ያ የገበጣ ሒሳብ! ጊዜ ካልተገኘ ቦታ አይከፈትም፤ አራት ሰው የአምስቱን አጥር ካፈረሰ ሰባቱ ኋላ ተረጋግተው ይቀመጣሉ። በ2008 መጀመሪያም 18 ለ 0 የመጣውን የቶም ብሬዲን ኒው ኢንግላንድ ኒው ዮርክ ጃይንትስ አምስት ጊዜ ጥለውት 17 ለ 14 ያሸነፉት በዚሁ መንገድ ነው። ተሸንፈን ቁጭ ብለን ለምን እንደተሸነፍን ያወቅንበት የመጀመሪያ ምሽት ነበር። ደስ አይልም። ግን "ማሆምስ ዛሬ ፈራ" ያለ ሰው ከስምንታችን አልተገኘም።

ወደ ላንዶቨር እንመለስ። ከሳምንታት በኋላ ያቺን የመጨረሻ ኳስ እንደገና አጫወትናት። ጋሼ "ኳሷን አትዩአት" አሉን፤ አላየናትም። ቡድኖች ለዚህች ዓይነቷ ውርወራ ሰው የሚያሰልፉት አንዱ እንዲዘል፣ ሌሎቹ ከፊትና ከኋላ ቆመው የተፈናጠረችውን እንዲለቅሙ ነው። ብራውን ገና ኳሷ አየር ላይ ሳለች ከግርግሩ ኋላ ነው። ቴፑን ወደ መጀመሪያው መለስነው። ኳሷ ስትነሳ አንድ የቺካጎ ተከላካይ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ እጁን ያወናጭፋል፤ ጨዋታው ተጀምሯል፣ እሱ ግን ሕዝቡን ያበሽቃል። ነቃና ሮጠ። ደረሰ። ዘለለ። ኳሷን ወደ ኋላ የነካት እጅ የእሱ ነው። ሊይዘው ይገባ የነበረው ሰው ማን ነው? ብራውን።

ሦስት ጊዜ አየነው። በአራተኛው ጋሼ ሪሞቱን ተቀበሉንና "በሉ አሁን በረካውን ቅዱ" አሉን።